አንገቴን ሳላውቀው ላጨሁት

ባለ ሁለት ስለት ምላጭ በሚገባበት የብረት መላጫ መላጨት ልጀምር ስነሳ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አንገትህን ዳብሰው» ቢለኝ ኖሮ፣ የሦስት ሳምንት ቁስልና ለዓመታት የማይለወጥ አንድ አስቀያሚ ፎቶ ይቀርልኝ ነበር። ማንም አላለኝም። ስለ ሳሙና ዓይነት፣ ስለ ብሩሽ ጸጉር፣ ስለ እጀታ ርዝመት የሚያወራልኝ ሞልቶ ነበር፤ ስለ አንገት ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ወደዚህ ነገር ያመጣኝ ቅንጦት አይደለም። ጺሜ ጥቅልል ነው። ባለ አምስት ስለቱ የፕላስቲክ መላጫ ሲያልፍ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ከኋላው ያለው ይቆርጠዋል፣ የቀረው ጫፍ ከቆዳ በታች ይሸሸጋል። ጸጉሩ ቀጥ ያለ ሰው በዚህ ልስላሴ ይደሰታል። የኔ ዓይነቱ ግን መልሶ ሲያድግ መውጫው ይጠፋውና ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል፤ ከዚያ አገጭ ስር ቡግር የመሰለ እብጠት ይደረደራል። አንድ ስለት ብቻ ቆዳ ላይ የሚያርፍበት መላጫ ይሻላል ሲባል ሰምቼ ገባሁበት። እውነትም ይሻላል፤ አያያዙን ላወቀበት።

ዕቃ መምረጡ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሦስት ቦታ የሚፈታውን፣ ማለትም ክዳን፣ ሰሌዳና እጀታ ያለውን፣ ከስለቱ ስር ደግሞ ጥርስ ሳይሆን ድፍን ጠርዝ የተሠራለትን ግዙ። እጀታውን ሲያዞሩት ራሱ እንደ መስኮት የሚከፈተው ያምራል፣ ግን ማጽዳቱ ያሰለቻል። ምላጩ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው ልኩ አንድ ነው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ወረቀት ያህል። ስለዚህ የተለያየ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ገዝቶ መሞከር ይቻላል። በስለታምነቱ ዝና ያተረፈውን ፌዘር የተባለውን የጃፓን ምላጭ አሁን እወደዋለሁ፤ በመጀመሪያው ወር ግን ባልነካው ይሻለኝ ነበር።

ይህን መላጫ ለገበያ ያበቃው ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1903፣ ሽያጭ በጀመረበት ዓመት፣ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው ይባላል። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በቀጣዩ ዓመት ነው። እነዚያን 51 ሰዎች ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። እኔ የምጠይቀው ሰው ሞልቶ እንደነሱ ሆንኩ።

ዝግጅቱ አጭር ነው። ፊትን በሙቅ ውሃ ማራስ፣ ሳሙናውን በብሩሽ መምታት፣ አረፋው ወፍሮ ብሩሹ ሲነሳ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ሲቆም መቀባት። ምላጩን ስትከቱ በአጫጭሮቹ ጎኖች ያዙት። የመላጫውን ክዳን ጉንጭ ላይ አሳርፋችሁ እጀታውን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱ፤ ስለቱ ቆዳውን የሚያገኝበት ቦታ 30 ዲግሪ ገደማ ነው ይላሉ። እኔ በዲግሪ አልለካም፣ በጆሮዬ ነው። ቧንቧውን ዝጉና አድምጡ። ጸጉር ሲቆረጥ «ክርርር» የሚል ደረቅ ድምፅ አለው። ድምፁ ጠፋ ማለት እዚያ ቦታ ላይ የቀረ ሥራ የለም ማለት ነው፤ እጃችሁን አንሱ።

ጉንጬን በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። ጉድ የፈላው አንገቴ ላይ ነው።

ያየሁት መመሪያ ሁሉ፣ ከመላጫው ጋር የመጣችው ትንሽ ወረቀት ሳትቀር፣ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ መጨረሻ ከታች ወደ ላይ። ሦስት ዙር። እኔም ታዛዥ ሰው ነኝ፣ ከላይ ወደ ታች ላጨሁ። አቃጠለኝ። «ጀማሪ ስለሆንኩ ነው» አልኩ። በማግስቱም አቃጠለኝ። አረፋ ጨመርኩ፣ ሳሙና ቀየርኩ፣ ምላጭ ቀየርኩ። አንገቴ እየቀላ ሄደ፣ እኔም እልህ ያዘኝ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ፤ እልህ የያዘው ሰው ምላጭ መጨበጥ የለበትም።

በ11ኛው ቀን ማታ፣ ለመታወቂያ ፎቶ ሊያነሱኝ ቀጠሮ ስለነበረኝ፣ ሦስቱንም ዙር አንገቴ ላይ ጨረስኩ። ያ ሳይበቃኝ ከአገጬ በስተግራ የቀረች አንዲት ሻካራ ቦታ በጣቴ አገኘሁና አረፋው በሌለበት በደረቁ ሁለቴ ሦስቴ መለስኩባት። ጫን ብዬ። በኋላ አሉም የሚሉትን፣ ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ፣ ሳሳርፍበት ጉልበቴ ነው የከዳኝ። መታጠቢያውን ይዤ ቆሜ እስከ ስንት እንደቆጠርኩ አላስታውስም።

ጠዋት ስነሳ አንገቴ ላይ ያልቀላ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ይከብድ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ፣ ያም ሌላ ሞኝነት ነው። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ፎቶ የሚያነሳው ሠራተኛ በማሽኑ አሻግሮ አየኝና «ኮሌታዎ ላይ ደም አለ» አለኝ። በመሐረብ ላጸዳ ስል ጠቅ አደረገው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እንደገና ብታነሳኝ?»

«አንዴ ተመዝግቧል።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ልምጣና…»

«አዲስ ቀጠሮ ይያዙ። ቀጣይ!»

አዲስ ቀጠሮ ማለት የሁለት ወር ጥበቃ ነበር። ተውኩት። ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው ይሉኛል፤ ይሁን። ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ግን ምን ያስከፍለው ነበር?

ቁስሉ እስኪደርቅ መላጨት አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሳላስበው አንገቴን ስዳብስ ነው ነገሩ የበራልኝ። ጣቴ ወደ ላይ ሲሄድ ለስላሳ ነው። ወደ ታች ሲመለስ ይሻክራል። ዳግም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ለካ ከግራ መንጋጋዬ ስር ያለው ጸጉር የሚያድገው ወደ ላይ ኖሯል! ከቀኝ በኩል ያለው ወደ ጆሮዬ አግድም ይተኛል፤ ማንቁርቴ አጠገብ ደግሞ አናት ላይ እንዳለው ዓይነት ሽክርክሪት አለ። «በጸጉሩ አቅጣጫ» ብዬ ከላይ ወደ ታች ስላጭ የኖርኩት በተቃራኒው ነው። ያውም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ። ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው የኖርኩት አንገት ነው፤ ጸጉሩ ወዴት እንደሚተኛ አላውቅም።

የባለቤቴን የቅንድብ እርሳስ አነሳሁና መስታወት ፊት ቆሜ አንገቴን በቀስት ምልክት ሞላሁት።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችኝ ከበር ላይ።

«ካርታ እየሠራሁ ነው።»

«እርሳሴን ነው?»

ካርታውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፤ እርሳስም ገዝቼ ተካሁላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከግራ መንጋጋዬ ስር ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ በኩል ወደ ጆሮዬ እላጫለሁ፤ ማቃጠሉ በሳምንት ውስጥ ቆመ። ስለዚህ ምላጭ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቀን ጺማችሁን ተዉትና በአራቱም አቅጣጫ ዳብሱት። የሚሻክርበት አቅጣጫ ጠላታችሁ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የእጄ ነበር። የፕላስቲኩ መላጫ ቀላል ስለሆነ ጫን ማለት ያስለምዳል። የብረቱ ክብደት ግን ለብቻው ይበቃል። አሁን እጀታውን ከጫፉ በሦስት ጣት ነው የምይዘው፤ እዚያ ጋ ሲያዝ መጫን ብፈልግ እንኳ አይመቸኝም። መላጫውን በስለቱ ርዝመት፣ እንደ ቢላ፣ ማንሸራተትማ በጭራሽ፤ ያ መላጨት ሳይሆን ማረድ ነው።

ጸጉራቸው ለሚጠቀለል የምለው መመሪያዎቹን ይቃረናል። ቆዳችሁን ወጥራችሁ አትላጩ፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ጸጉር ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛውን ዙር፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሉትን፣ አንገት ላይ እርሱት። ጉንጭ ላይ እንደ ፍላጎታችሁ። ማታ ላይ እጅ ሲያልፍበት ትንሽ ሸከር ቢል ምን አለበት? የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ምላጩን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጩበት በኋላ ቀይሩ ይላል። እኔ ከሦስተኛው አላሳልፍም፤ በአራተኛው ቀን የሚጎትት ምላጭ ሳያውቁት እንዲጫኑት ያደርጋል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አይቼዋለሁ። የዶለዶመውን ምላጭ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ዝም ብሎ መጣል የሰው እጅ መቁረጥ ነው። ክዳኗ ላይ ስንጥቅ ያበጀሁላት ቆርቆሮ አለችኝ፣ እዚያ ውስጥ አጠራቅማለሁ። አሜሪካኖች ድሮ መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ሠርተው ምላጩን ወደ ግድግዳው ውስጥ ይጥሉት ነበር፤ ሲያፈርሱት ለሚያገኘው ሠራተኛ አዘንኩ።

ደግሞ በአውሮፕላን ስትሄዱ ምላጩን በእጅ ሻንጣ አትያዙ። መላጫው ባዶውን ያልፋል፣ ምላጩ አያልፍም። ይህንንም የነገረኝ አልነበረም። ፍተሻ ላይ የቆመችው ሠራተኛ ያልተከፈተ ፓኬት አወጣችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። መታወቂያዬን ተቀበለች። ፎቶውን አየች፣ አንገቴን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ምላጮቹን ወደ ቅርጫቱ ከተተቻቸው።