ከአቃቂ ድልድይ እስከ አባ ሳሙኤል

ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግሁ፣ ውሃ ያለበት ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ዳርቻውን ነው። ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚወርረው አረም፣ እምቦጭ፣ አለ ወይስ የለም? ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ልማድ አልለቀቀኝም። ከአቃቂ በታች ያለውን የአባ ሳሙኤል ሐይቅንም እንደወረረው ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ኅዳር ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ሥራው አርብ ሲያልቅልኝ፣ ቅዳሜን ለዚያ ሰጠሁት።

ጠዋት በጊዜ ለመነሳት ብዬ አቃቂ አደርሁ። አልጋው 700 ብር ነው። አንሶላው ንጹሕ፣ ጠባቂው ትሑት። ቧንቧው ግን ጠብ አይልም። ጠባቂው አንድ ባልዲ ውሃ አምጥቶልኝ፣ «ወንድሜ፣ ከሰኞ በፊት አትጠብቅ» አለኝ። የከፋብኝ ሽታው ነው። መስኮቱ አይገጥምም፤ ነፋሱ ከወንዙ በኩል በመጣ ቁጥር ያፍነኛል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻው እዚሁ አቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው የሚሳበው። ንጹሑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተማው የተገለገለበት ደግሞ በወንዙ ወደ ታች ይመለሳል። ይህን እያብሰለሰልሁ ነጋ።

ከድልድዩ ወረድ ብሎ አንዲት ሴት ቆስጣ ታጥባለች። እስሩን በግራ እጇ ይዛ ውሃው ውስጥ ትነክራለች፣ ታራግፋለች፣ ሣሩ ላይ ትደረድራለች። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፤ ዓይን ይስባል። ከእግሯ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነጭ አረፋ ድንጋይ ላይ ተጠግቶ ይሽከረከራል። ዳሩን የክረምቱ ጎርፍ ስለናደው ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፦ አንድ ድርብ አፈር፣ አንድ ድርብ ፌስታል፣ እንደገና አፈር፣ እንደገና ፌስታል። አንዱን ይዤ ጎተትሁት። እጄ ላይ ተበጠሰ፤ የቀረው እዚያው ተቀብሮ ቀረ። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክል የነበረው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። በጣቴ መሐል የያዝሁት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር።

«እህቴ፣ በዚህ ውሃ ታጥቦ ይበላል?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። «ሌላ ውሃ ካለ አሳየኝና በእሱ ልጠብ።»

መልስ አልነበረኝም። በአቃቂ ውሃ በሚለሙ ማሳዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአፈሩም በቅጠላ ቅጠሉም ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ይለፋበታል። ፍሳሹ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ማሳውም ይጠጣዋል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ያስገባውን ደግሞ የቱንም ያህል ቢያጥቡት አይለቅም። ሴትዮዋ ላይ መፍረድ ግፍ ነው። እሷ የምትኖረው ከቱቦው ሥር ነው፤ ቱቦውን የከፈተው ሌላ ሰው ነው።

ወደ ሐይቁ ባጃጅ ያዝሁ። ኮንትራት 800 ብር ብሎኝ ተከራክረን በ600 ተስማማን። ትንሽ እንደሄድን ግን ሦስት ሰው ጫነ፤ እነሱ 40 40 ብር ከፈሉ። እኛ አገር ኮንትራት ያልኸው ባጃጅ ሰው ከጨመረ ከሾፌሩ ጋር አንገት ለአንገት ትያያዛለህ። እኔም ዝም አላልሁም። መጨረሻ ላይ 150 ብር መለሰልኝ፤ ተጨባብጠን ተለያየን። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ብቻ ነው።

አባ ሳሙኤል ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከዚህ ወጥተው አዋሽን ይቀላቀላሉ። የኃይል ማመንጫው በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ዳርቻው ላይ ስቆም ግን ደስታዬ ጠፋ። እምቦጩ ነው የተቀበለኝ። ያው ወፍራም አንገት፣ ያው ሐምራዊ አበባ። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት፤ ጥቁር ጭቃ አዝሎ የተንጠለጠለ ጺም ነው። ሽታው የሌሊቱ ሽታ ነው።

ጣና ላይ ሕዝብ በዘመቻ ወጥቶ በእጁ ሲያጭድ አይቻለሁ፣ አብሬም ገብቻለሁ። እምቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፤ ማለትም በሽንት ቤት ፍሳሽ፣ በሳሙና፣ ከማሳ ታጥቦ በሚመጣ ማዳበሪያ። ምግቡ እስከመጣለት ድረስ ታጭዶ አያልቅም። አዲስ አበባ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳርቻ ልማት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ስታደርግ 29 ቢሊዮን ብር እንደሚፈጅ ተነግሮ ነበር። ዳርቻው መልማቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን የየፋብሪካውና የየሰፈሩ ፍሳሽ ከምንጩ ካልተጣራ፣ አበባ በተተከለበት ዳርቻ መሐል የሚያልፈው ውሃ እዚህ ሲደርስ ያው ነው።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከጤፍ አጨዳ ሲመለሱ ብቻዬን ቆሜ አዩኝ። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሃል? ና ቡና ጠጣ» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ከጉዞው ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው። ባለቤታቸው ቆሎ አቀረቡ፣ ቡናው ተፈላ። የቡናው ውሃ በአህያ ከሩቅ ቦኖ የመጣ ነው፤ ሐይቁ ከደጃቸው ይታያል። «ድሮ ከብት ይጠጣው ነበር፤ ልጆች ይዋኙበት ነበር» አሉኝ። «አሁን ጥጃ እንኳ አፍንጫውን አስጠግቶ ይመለሳል።»

ስለ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነገርኋቸው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ነው። የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በካይ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል። በቅርቡ ካነበብሁት ሁሉ ጉልበት የሰጠኝ ይህ አንቀጽ 11 ነው። ገበሬ በወንዙ ጉዳይ እንዲከስ በር ተከፍቶለታል፤ በሩን የነገረው ግን የለም።

አባባ አዳምጠው ሲጨርሱ ጠየቁኝ፦ «ለየትኛው ቢሮ ነው? ቆሻሻው የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ እኛ ያለነው ኦሮሚያ። አንዱ ጋ ብሄድ ወደ ሌላው አይልከኝም?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ወንዙ ድንበር አያውቅም፤ ቢሮ ግን ያውቃል። አዋጁ ለፌዴራሉም ለክልሉም መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይቻላል ስለሚል፣ ለሁለቱም በአንድ ቀን ያስገቡ አልኋቸው። ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው የአዋጁንና የአንቀጹን ቁጥር ደብተሯ ላይ ጻፈች። በስልክ የተነሳ ፎቶ ማስረጃ ይሆን እንደሆነ፣ ከየትኛው ፋብሪካ እንደሚወጣ ማረጋገጥ ያለበት ማን እንደሆነም ጠየቀችኝ። ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ ጓደኛዬን ጠይቄ እንደምልክላት ተስማምተን ስልክ ተለዋወጥን።