ሲልኪዋ ያረመችኝ ስህተት

ስለ ሽል እድገት ማንበብ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ዛሬ የማካፍላችሁ ለሳምንታት አዛብቼ ይዤው የነበረ ነገር ነው።

መነሻዬ የድርጭት ሙከራ ነበር። ፈረንሳዊቷ የሽል ተመራማሪ ኒኮል ለ ዱዋረን እ.ኤ.አ. በ1969 የድርጭት ህዋስ አስኳል ሲቀለም ከዶሮው ተለይቶ እንደሚታይ አሳየች። ስለዚህ የድርጭት ነርቭ ቱቦ (ኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) ቁራጭ የዶሮ ሽል ላይ ተክሎ ህዋሶቹ የት እንደደረሱ መከታተል ተቻለ። ነጭ መሆን የነበረባት ጫጩት፣ ተከላው ባረፈበት ቦታ የድርጭት ቀለም ያለው ላባ ይዛ ትፈለፈላለች! ይህን ሳይ በቃ ሁሉም ነገር ያለው ህዋሱ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ከወዳጄ ሲልኪ የሚባል የዶሮ ዝርያ ስድስት እንቁላል አገኘሁ። ኢንኩቤተር (የእንቁላል ማስፈልፈያ) ውስጥ ከገቡ በአራተኛው ቀን በባትሪ ሳያቸው የደም ሥሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። በ21ኛው ቀን አራቱ ወጡ። አንዷን ይዤ ክንፏ ሥር ገለጥ ሳደርግ ቆዳዋ እርሳስ የተቀባ ይመስላል፤ ላባዋ ግን ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ሲያድግ ይነጣል። ይህ የቻይና ዝርያ የአጥንቱ ልባስ ሳይቀር ጥቁር ነው። ታዲያ ቀለሙ እዚያ ድረስ እንዴት ገባ?

ቀለም ሰሪ ህዋሶች የሚነሱት ከነርቭ ቱቦው አናት ነው። በተለመደው ዶሮ ከሦስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ከቆዳ ሥር ባለው መንገድ ይሄዳሉ፣ ወደ ውስጥ የሚወስደው ተዘግቶባቸዋል። ሲልኪ ላይ ግን እዚያ መንገድ ላይ ከልካይ የሆኑት ሞለኪውሎች የሉም። በዚያ ላይ ኢንዶቴሊን 3 የተባለውን ለህዋሶች ምልክት የሚሰጥ ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ተደግሞ ስለሚገኝ ዙሪያቸው ያለው አካል በብዛት እንዲባዙ ይገፋፋቸዋል።

አፌን ያስያዘኝ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሙከራ ነው። የድርጭቱን ህዋስ ነጭ ሌግሆርን በተባለው የተለመደ የዶሮ ዝርያ ላይ ሲተክሉት ቆዳው ላይ ቀረ፣ ሲልኪ ላይ ሲተክሉት ወደ ውስጠኛው አካል ዘለቀ። ህዋሱ ያው፣ ሰፈሩ ሌላ! የላባውን ቀለም ህዋሱ ይዞት ይመጣል፤ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስንለት ግን ያረፈበት ሽል ነው። እኔ ሁለቱን ጥያቄ አንድ አድርጌያቸው ኖሯል።

ጀማሪ ከሆናችሁ የሽሉን ቁርጥ ወረቀት ላይ ስላችሁ ሁለቱን መንገዶች በቀስት አሳዩ። እኔን ከንባቡ ይልቅ ያስገባኝ እሱ ነው።

ጫጩቶቹ ሲደርሱ ቢጫ እግር ካላት ዶሮዬ ጋር ላዳቅል አስቤያለሁ። የልጆቹን ቆዳ ፎቶ አንስቼ እለጥፍላችኋለሁ።