ጣቴ ላይ የቀረ ቅቤ

ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ማለዳ ወጥ ቤት ቆሜ የልጁን ምሳ ዕቃ እያዘጋጀሁ ነበር። ዳቦ፣ ቅቤ፣ የተቆራረጠ ኪያር። ቢላዋውን ሳስቀምጥ ጣቴ ላይ ትንሽ ቅቤ ቀረ። ላስኩት። ከዋጥኩት በኋላ ነው «ውይ!» ያልኩት።

ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«መብላት የሌለብኝን በላሁ።»

«መርዝ ነው?»

«አይ፣ ቅቤ ነው።»

ያን ቀን ሙሉ በጥርጣሬ ሲያየኝ ዋለ።

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ አጠገብ፣ በርጊሽ ግላድባህ በምትባል ከተማ ነው። ኦፔር ነኝ። ሰው ቤት እየኖሩ ልጅ መያዝ፣ ጎን ለጎን ቋንቋ መማር ነው ሥራው። በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም። በወር 280 ዩሮ የኪስ ገንዘብ አለው። ምግብ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር። ነገር ያለው እዚችኛዋ ላይ ነው። ለብቻዬ ብኖር ሽሮዬን ሠርቼ ዝም ብዬ እበላ ነበር። እዚህ ግን ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ከበን ስንቀመጥ ሳህኔ ላይ ያለውንም የሌለውንም ሁሉም ያየዋል።

አዲስ አበባ እያለሁ ጾም ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ብቻ ነው ያለው፣ እማዬ ቅቤውን ከዓይን አርቃዋለች። ምን ልበላ ኖሯል? ለካ የሚጾመው ሰፈሩ ነው፤ እኔ አብሬ እሄድ ነበር።

በዕቃ በኩል ጀርመን ለጾመኛ አይከፋም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቪጋን የሚል መደርደሪያ አለ፤ የአጃ ወተት፣ የአኩሪ አተር እርጎ፣ ምኑ ቅጡ። ጥቅሉ ላይ ደግሞ «ሚልሽ»ና «አይ» የሚሉት ቃላት ደመቅ ተደርገው ይጻፋሉ። ወተትና እንቁላል ማለት ናቸው፤ አለርጂ ላለበት ሰው ተብሎ ነው። ለእኔ ግን የቋንቋ ትምህርቴ የተጀመረው እዚያ ነው።

የልጁ እናት መጀመሪያ ላይ «እና ቪጋን ነሽ?» አለችኝ። እስከ ሜይ 5 ድረስ ብቻ አልኳት። ሳቀች። ለጤና ነው? አይደለም። ለአየር ንብረት? አይደለም። «ለእግዚአብሔር ነው» ስላት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተዘጋ። ክፋት አልነበረባትም፤ ሰው መታጠቢያ ቤት እያለ በር ሳያንኳኳ እንደ ከፈተ ሰው ነው የሆነችው። እዚህ ስለ እምነት መጠየቅ ደመወዝ እንደመጠየቅ ነው።

አባትየው ከቤተ ክርስቲያን በወረቀት ወጥቷል። ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ሆነህ ከተመዘገብክ የገቢ ግብርህ 8 ወይም 9 በመቶ ያህል ለቤተ ክርስቲያን ተጨምሮ ይቆረጣል። በዚህ ክፍለ ሀገር መውጣት የፈለገ የወረዳ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ 30 ዩሮ ከፍሎ፣ ፈርሞ ይወጣል። ስሰማ አፌን ይዤ ቀረሁ። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተወ ሰው እንኳ በ30 ብር አይፈርምም!

ወደ ቅቤዋ ልመለስ። ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ ጾም ፈታሁ።»

«በምን?»

«በጣት።»

ትንሽ ዝም አሉና «አውቀሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ረስቼ ነው አልኳቸው። «በይ አርባ አንድ ጊዜ ስገጂ። ጣትሽንም ጠብቂ።» ስልኩን ሲዘጉ ሳቃቸውን የሰማሁ መሰለኝ።

ክፍሌ ጣሪያው ሥር ናት፤ ወለሉ እንጨት ነው። አሥረኛው ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ። አባትየው ነው። ሳሎን ያለው መብራት እየተወዛወዘ ነው አለኝ። «ስፖርት እየሠራሽ ነው?» ጀርመንኛዬ ስግደትን ለማስረዳት አልበቃም። አዎ አልኩት። ዋሸሁ ማለት ነው፤ በንስሐ ላይ ሌላ ኃጢአት። የቀረውን ብርድ ልብስ አጥፌ ከሥር አንጥፌ ጨረስኩ። በማግስቱ ስፖርት የምሠራበት ፍራሽ ከምድር ቤት አውጥቶ በሬ ላይ አቁሞልኝ አገኘሁ። እስከ ፋሲካ ስሰግድበት ከረምኩ።

ዘንድሮ የእነሱ ፋሲካ ከእኛ በአምስት ሳምንት ቀደመ። ስቅለታቸው ዕለት ወደ አያትየው ቤት ሄድን። ኦማ ነው የምንላቸው። «ዱ በይኝ» ብለውኛል፣ በጀርመንኛ አንተ-አንቺ ማለት ነው፤ በልቤ ግን አንቱ ናቸው። ዓሣ ሠርተው ጠበቁን። በልጅነታቸው ዓርብ ዓርብ ቤታቸው ሥጋ አይገባም ነበር። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛም አገር ያልሞተ ነው፤ እማዬ ግን በሁዳዴ አትነካም፣ እኔም እሷን ነው የማውቀው። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። ኦማ ለምን አላሉም። ተነሥተው ሌላ ድስት ጣዱ፣ ድንች ያለ ቅቤ ቀቀሉልኝ፣ ጨውና ሎሚ አጠገቤ አስቀመጡ። ስመጣ ጀምሮ ሳላስረዳ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው።

እሑድ፣ በእነሱ ማርች 31፣ ለእኛ መፃጉዕ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የተኛው ሰው በሚታሰብበት እሑድ እኔ አትክልት ቦታ ውስጥ ተንበርክኬ ቁጥቋጦ ሥር ባለቀለም እንቁላል እደብቃለሁ። ጥንቸል ነው ያመጣው ይባላል ለልጁ። አንዱን አገኘና ሮጦ አመጣልኝ። እጄን ስዘረጋ መልሶ ወሰደው። «አንቺ አይቻልሽም!» ከቅቤዋ ወዲህ ጠባቂዬ ሆኗል። ብስኩት ካነሣሁ ጥቅሉን ተቀብሎ ያገላብጣል፤ ማንበብ እንኳ አይችልም።

ከትናንት በስቲያ ፋሲካ ሆነ። ኮሎኝ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አድሬ፣ ቆርቤ፣ በኤስ 11 ባቡር ነጠላዬን እንደለበስኩ ተመለስኩ። ከዳንስ ቤት የሚመለሱ ልጆች ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ነጠላዬን አይታ «ቆንጆ ነው» አለችኝና አንቀላፋች።

ቤት ስገባ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሆነም። ልጁ በፒጃማ ወጥ ቤት ቁጭ ብሏል።

«ሙሽራ ነሽ እንዴ?»

«ፋሲካ ነው፤ የእኛ።»

ራበኝ አለ። ዳቦ ቆረጥኩ፣ ቅቤ ቀባሁለት፣ ጣቴን ላስኩ።

«ናይን!» ብሎ ጮኸ። ዛሬ ይቻላል አልኩት። ማን አለ አለኝ። ጾሙ አልቋል አልኩት። አላመነኝም። ከወንበሩ ወርዶ እናቱን ሊጠይቅ ደረጃውን ድም ድም እያደረገ ወጣ። እስኪመለስ ለራሴም አንድ ዳቦ ቀባሁ፤ ወፍራም አድርጌ።