አራተኛው ቀዳዳ

ነገሩ የጀመረው በአያቴ ተዝካር ላይ ነው። እንጨት አነሰ ተባለና አንድ ጎረምሳ ከጓሮ ረጅም አጣና የመሰለ ነገር እየጎተተ መጣ። መጥረቢያውን ሲያነሳ ነው ልብ ያልኩት። የአያቴ ሞፈር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያረሱበት ሞፈር ወጥ ሊሠራበት ነው። ሮጬ ያዝኩት።

«ምን ሊያደርግልህ? ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ልታርስበት?» ብለው ሳቁብኝ።

ሚኒባስ ጣራ ላይ አስሬ አመጣሁት። ሁለት መቀመጫ አስከፍለውኛል፤ ይሁን። ሞፈር ብቻውን ምንም አይደለምና እርፉን፣ ድግሩን፣ ወገሉን ፍለጋ ወጣሁ። ከዚያ ቀንበር ተከተለ። ከዚያ ላይዳና መንሽ፣ እንዝርትና ደጋን፣ ወፍጮ ከነመጁ። ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ሞላች። የሰፈር ልጆች «ሙዚየሙ» ይሏት ጀመር። አንዱ ላይዳውን አይቶ «የጀልባ መቅዘፊያ ነው አይደል?» አለኝ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ምን ይበል? እህል ከገለባ ሲለይበት አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ያበላሸሁት የእናቴን ገበቴ ነው። ጥቁር ነበር፣ ዳሩ ላይ ተልጦ። ላሳምረው ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። ሁለት ዙር ቫርኒሽ ቀባሁት። አበራ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች።

ያን ቀን ነው የገባኝ። ሊጥ ሲቦካ እጇ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ነበር፤ የቢላ ጭረት ነበረው። ሁሉንም ፍቄ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ እንጨት የምነካው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ነው። ብረት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ስስ ዘይት አሳየዋለሁ፤ አለቀ። ማጭድ ዝጓል ብሎ በሽቦ መፈግፈግ ቀርቷል።

ቀጥሎ ነቀዝ መጣ። አንድ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ አየሁ። ጠረግሁት። በነጋታው እዚያው ቦታ እንደገና ተነፍቷል። ጎረቤት «ላምባ ቀባው» አለኝ፤ ቀባሁ። ክፍሉ ለአንድ ወር ላምባ ላምባ ሸተተ፣ ነቀዙም መብላቱን አልተወም። በኋላ ሲገባኝ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ዕቃ በፕላስቲክ ጥቅልል አድርገው፣ አየር እንዳያስገባ አሽገው፣ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል። ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል። እኔ ዲፕ ፍሪዘር ከየት ላምጣ? ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። እንዝርቶቼና ሁለት ሙቀጫዎች ከቆረሶና ከአምባዛ ጎን ተኙ። ሰውዬው ደንበኛ በመጣ ቁጥር «እሱ አይሸጥም» እያለ ይስቃል። መብራት ሄዶ ዓሣው ሲቀልጥ ደግሞ ቆጠራውን ሁለቴ ከአንድ ጀመርን።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከፍሪዘር ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው እንዳትፈቱ። አንድ ቀን ሙሉ እንደታሸገ ይቆይ። ጠሉ ላስቲኩ ላይ ካልቀረ እንጨቱ ላይ ነው የሚያርፈው። በክረምት ደግሞ የእኛ ከተማ ግድግዳ ራሱ ያልበዋል፤ ዕቃውን ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ማድረግ ነው። ሻገተ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያሰነጥቀዋል።

ዕቃ መሰብሰቤ ሲሰማ የሚያመጣ በዛ። አንድ ሰው ብራና በፌስታል ይዞ መጣ። ገልጬ እንኳ አላየሁትም፤ ወደ ደብሩ መልስ አልኩት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል። ያን ባላውቅም ኖሮ የጣና ገዳማት ዕቃ በፌስታል ሲዞር ማየት ራሱ ያስፈራል።

አሻንጉሊቷን ያገኘኋት አሮጌ ዕቃ ከሚነግድ ሰው ነው፤ ከአንድ ማረሻና ከአንድ መዳመጫ ጋር በአንድ ማዳበሪያ። የዋንዛ እንጨት ናት፤ ቁመቷ ከስንዝር ትንሽ ያልፋል። እጅ የላትም። ሹሩባዋ በጋለ ወስፌ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ወርዷል። ሆዷ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ፊቷ ግን ልሙጥ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። ነጋዴው «ሁሉም ከዘጌ ነው» አለኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ተራ ቁጥር 31፣ የእንጨት አሻንጉሊት፣ ዘጌ፣ ቀዳዳው ምናልባት ለክታብ ማንጠልጠያ። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ማመን ጀመርኩ። አናጢ ጓደኛዬ «ፊት ላውጣላት» ብሎ በእርሳስ ሁለት ዓይን ምልክት አድርጎባት ነበር። መሮውን እስኪያመጣ ነው የተረፈችው።

ከስህተቴ ያወጣኝ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማረሻው ላይ ያሰርኩትን ወረቀት አነበበና «ጋሼ፣ ዘጌ እኮ አይታረስም» አለኝ።

አፈርኩ። ስንት ጊዜ በጀልባ ተሻግሬ ያን የቡና ደን አይቻለሁ! የዘጌ ሰው እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ማረስም ከብት ማርባትም ተከለከለ። ታዲያ ማረሻ እዚያ ምን ይሠራል? ነጋዴው ጋ ተመልሼ አፋጠጥኩት። «ዘጌ ስል ቶሎ ይሸጣል» አለና ማዳበሪያው ከመራዊ ወዲያ ካለ መንደር እንደመጣ ነገረኝ። የሸጠለትንም ልጅ ጠቆመኝ።

አሻንጉሊቷን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ ወደ ጓሮ ጠፋ። አያቱ ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ጋዜጣውን ስፈታ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይ ጉድ! ይቺን ከየት አመጣሃት ልጄ?»

«ገዝቼ ነው እማማ።»

«ማን ሸጠልህ? እኔ መች ሸጥኩ!» ብለው ወደ ጓሮ ዞረው የልጅ ልጃቸውን ተጣሩ። አልመጣም።

ቀዳዳውን ጠየቅኋቸው። ክታብ ነው ወይ ስላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የምን ክታብ! የበሬውን አንገት የሚይዘው እንጨት፣ የማነቆው መግቢያ ነዋ። ቀንበር ተሰብሮ፣ አባቴ ከስባሪው ጠረበልኝ።» ፊቷስ? «አዝያት ነዋ። ጥጃ ስጠብቅ እሷን አዝዬ ነው የምውል። ጀርባዬ ላይ እየተሻሸ አለቀ።» ከዚያ ጠጋ አድርገው አዩዋትና «ይሄ እርሳስ ምንድነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በአውራ ጣቴ እያሸሁ አጠፋሁት።

ገንዘቤን አልጠየቅሁም፤ አሻንጉሊቷንም አልያዝኩም። ፎቶዋን ከማስመሪያ ጋር አነሳሁና የነገሩኝን በቃላቸው ጻፍኩ፦ ማን ጠረበው፣ ከምን፣ ለማን፣ የት። አሁን ደብተሬ ላይ እነዚህን አራት ካልሞላሁ ዕቃ አልረከብም። የማላውቀውን ባዶ እተወዋለሁ። ቁጥሩንም በስኮች መለጠፍ ትቼ በጥጥ ድር አስራለሁ፤ ስኮች የእንጨቱን ቆዳ ይዞ ነው የሚነሳው።

ልሄድ ስነሳ «ባዶ እጅህንማ አትሄድም» አሉ። ልጁ ተገኝቶ ኩሽና ገባና ከጣራው ሥር ጭስ ያጠቆረው እንጨት ይዞ ወጣ። ጫፉ የተሰበረ ቀንበር። በደብተሬ ተራ ቁጥር 32 ነው። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ አራተኛው እሳቸው ቤት ነው።