አንተ መባልና አንተ መባባል

የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው የማይሰማው አቤቱታ የለም። ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ ትርፍ ሰዓት። ሹፌራችን ይዘውት የመጡት ግን ሌላ ነበር።

"እየነዳሁ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። እንግዶቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። 'አንተ! የት ነው የተገተርከው?' አለኝ።"

የደወለው አዲሱ የሎጂስቲክስ ኃላፊ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ። እሳቸው 60 ሊደፍኑ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ልጁን ጠርቼ አነጋገርኩት። ክፉ አይደለም። "ድሮ የሠራሁበት ቤት ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር አንተ ነበር የምንለው። መቀራረብ ነው እኮ!" አለኝ። አልዋሸም፤ ወጣት የሚበዛባቸው ቢሮዎች ውስጥ እርስዎ መባባል እየቀረ ነው።

"ጥሩ። እሳቸውም አንተ ይበሉሃ?"

ትንሽ ዝም አለ። "እሱማ… ሠራተኛ ፊት ይከብዳል።"

ሁለት ሰዎች አንተ ከተባባሉ ወዳጅነት ነው። አንዱ ወገን ብቻ ሲለው ግን አለቅነት ነው፤ መቀራረብ የሚል ስም ባናወጣለት ይሻላል። (የሚገርመኝ፣ በቃል አንተ እያልን የምናመናጭቀውን ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስንጽፍለት እርስዎ እንለዋለን። ሰው ለመከበር የግድ መቀጣት አለበት?)

ያን ዕለት ማምሻውን ይቅርታ ጠየቃቸው። ጋሼ ሊላቸው ሲሞክር፣ "ጋሼው ይቅር። አቶ ብለህ ስሜን ጥራ፤ ሥራ ላይ ነን" አሉት።

በዚህ አላበቃም። በሚቀጥለው ስብሰባ ሹፌሩን "እርስዎ ምን ይላሉ?" እያለ፣ በዕድሜ የሚስተካከሏቸውን የጽዳት ሠራተኛ "አንቺ፣ ሻዩስ?" አላቸው። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ባሰ። ሌላው ሁሉ አቶና ወይዘሮ ተብሎ፣ እሳቸው "ጽዳቷ" ተብለው ቁጭ ብለዋል። የጻፈችው ሴት ናት፤ ጉዳዩ የወንድ ብቻ አይደለም።

በኋላ እንዴት ብንጠራቸው እንደሚሻል እሳቸውኑ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

"እርስዎማ አትበሉኝ፤ ምነው ታስረጁኛላችሁ? 'ጽዳቷን ጥሯት' የምትሉትን ግን ተዉት። ስም አለኝ።"

ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ታረመ፤ ከነአባታቸው ስም ወይዘሮ ተብለው ገቡ። አንቺ እንላቸዋለን፤ ፈቅደውልናል። እሳቸውም ኃላፊውን አንተ ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ደንገጥ ይል ነበር፤ አሁን ለምዶታል።