«ነፃ ነው፤ ግን አልቋል»

በመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ካስተናገድኳቸው ሰዎች ሁሉ አንዲት አዛውንት ከአእምሮዬ አይጠፉም።

የምርጫ ሰሞን ነበር። ድምፅ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሙሉ በነፃ እንዲታከሙ ተወሰነ። ካርዱም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒቱም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ከሥራ የወጣሁት። ማዘዣ ይዘው መጥተው ዋጋውን ሲሰሙ «እሺ፣ ተመልሼ እመጣለሁ» የሚሉ እናቶች በየቀኑ ነበሩ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ መስኮት ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል። አይመለሱም።

ማስታወቂያው በትልቁ ተጽፎ መስኮቴ ጎን ተለጠፈ። በሳምንቱ ሰልፉ ግቢው በር ድረስ ሄደ። ለሁለት ወር ይበቃል ያልነው የሕፃናት አሞክሲሲሊን በሦስት ሳምንት አለቀ። ስንጠይቅ የግዥ በጀቱ የተያዘው በድሮው የታካሚ ቁጥር ነው ተባልን። ያለቀ መድኃኒት የምንተካው ከታካሚ በምንሰበስበው ገንዘብ ነበር። እሱ ቀረ። በምትኩ የመጣ ነገር ግን አልነበረም።

አዛውንቷ የመጡት በዚህ መሀል ነው፤ የልጅ ልጃቸውን አዝለው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ አሞክሲሲሊን አዟል። «እማማ፣ ይሄ አልቋል፤ ከውጭ ይግዙት» አልኳቸው።

ወደ ማስታወቂያው ዞር ብለው አዩ። «ልጄ፣ ነፃ ነው አሉን እኮ።»

«ነፃ ነው እማማ፤ ግን አልቋል።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አሉ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ መስሏቸው ነው። ሰልፉ ከኋላ ይገፋል። «ዛሬ አይመጣም» ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ። መግዣ እንዳላቸው አልጠየቅኩም። ድንገተኛ ክፍል የተረፈ ይኖር እንደሆነ ስልክ አንስቼ አልደወልኩም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን የማታ ተረኛ ነበርኩ። ልጁን ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ተደርጎለት አገኘሁት። አያቱ አልገዙም። ነፃ ነው ከተባለ ነገ ይመጣል ብለው በማግስቱም መጥተው ተሰልፈዋል። ሌላ ባልደረባዬ «የለም» ብሎ መልሷቸዋል።

ልጁ ተረፈ፤ ብዙ ቀን ተኝቶ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አንተ ምን ታደርግ ልጄ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ማድረግ የምችለው ነገር እንደነበረ አውቃለሁና።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፖለቲካ ከሆስፒታሉ አጥር ውጪ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እነሱ ይከራከራሉ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ። የእኛን የመሰለ ነገር ከእኛ በፊትም ደርሷል። ኡጋንዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊካሄድ ሲል በመንግሥት ጤና ተቋማት ይከፈል የነበረውን ክፍያ አነሳች። ድሃው በብዛት መጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በኋላ የቤተሰብ ወጪ ሲጠና ግን ለሕክምና ብሎ ከአቅሙ በላይ የሚያወጣው ድሃ ቁጥር አልቀነሰም። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ መድኃኒት ከመንግሥት ተቋማት እየጠፋ ሰዉ ከግል መድኃኒት ቤት ለመግዛት መገደዱ ነው። ይህን ሳነብ እማማ መስኮቴ ፊት ቆመው ታዩኝ።

ስለዚህ የምርጫ ቃል ሁሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። ታይላንድም የጀመረችው ከምርጫ ነው። በ2001 ያሸነፈው ፓርቲ ታካሚ በአንድ ጉብኝት 30 ባት (ባት የአገሩ ገንዘብ ነው) ብቻ ይከፍላል ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። እዚያ ግን ከቃሉ ጋር ገንዘቡም መጣ። ለተመላላሽ ሕክምና ከግብር የሚመደበው በጀት በተመዘገበው ሰው ቁጥር እየተሰላ ይሰጥ ጀመር። በ2002 ሕግ ወጣለት። በ2006 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግም መርሐ ግብሩ አልፈረሰም፤ እንዲያውም 30 ባቱ ራሱ ተነሳ።

የብሪታንያው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። አኑሪን ቤቫን በ1948 ነፃ የጤና አገልግሎት ያስጀመረ ሚኒስትር ነው። በ1951 መንግሥት ለጦር መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ሲመድብ ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊጥል ወሰነ። ቤቫን በዚህ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። እኛ መስኮት ላይ የምንናገረው ዋጋ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ላይ ከሌላ ወጪ ጋር ተመዝኖ የመጣ ነው። ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

አንድ ደብተር ገዛሁ። «የለም» ተብሎ የተመለሰ እያንዳንዱን ማዘዣ መመዝገብ ጀመርኩ፤ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የልጁን ዕድሜ። የታካሚ ስም አልጻፍኩም። ባልደረቦቼም በየተራቸው ጻፉ። መጀመሪያ ለአለቃዬ ሳሳየው «ይሄ ፖለቲካ ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ፈርቶ ነው። ሁለተኛው ደብተር ሲሞላ ግን ራሱ ይዞት የሆስፒታሉ ቦርድ ስብሰባ ገባ፤ እኔንም አስከተለኝ።

ከቦርዱ አባላት አንዷ የምክር ቤት ተመራጭ ናቸው። ገጹን ሲገልጡ ቆዩና «ዕድሜው ሰባት ወር፣ ዕድሜው አንድ ዓመት... እነዚህ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ነው የሄዱት?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልን። ደብተሩን ወስደው ምክር ቤት ላይ አነበቡት።

ተጨማሪ በጀት የተፈቀደው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሞክሲሲሊኑና ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አሁን አይጠፋም። የሚጥል በሽታ ሽሮፕ ግን ገና አልተካተተም፤ ሦስተኛው ደብተር ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሊቀርብ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ደብተሩን ይዤ እንድቀርብ ቀጠሮ ይዣለሁ።