ሮማውያን ከተማ ሲቆረቁሩ፦ ትልሙ፣ ቱንቢውና የመሬቱ ድርሻ

የሮማውያን ኮሎኒያ ሲባል የአውሮፓውያን ቅኝ ግዛት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ለወታደራዊ ሰፈራ ይቀርባል፦ ጠላት ተሸንፎ መሬቱ ከተነጠቀ በኋላ ተመልሶ እንዳይነሳ፣ ሲጠሩት ጦር የሚያነሳ ገበሬ ይሰፍርበታል።

ሴኔቱ ይወስናል፣ ሦስት ሹማምንት ይመረጣሉ፣ ሰፋሪው ተመዝግቦ በሰንደቅ ሥር ይዘምታል። ቦታው ላይ መሪው በሬና ላም ይጠምዳል፤ በሬው በውጭ፣ ላሟ በውስጥ በኩል። በነሐስ ማረሻ የቅጥሩን ዙሪያ ያርሳል። ጓሉ ወደ ውስጥ መውደቅ አለበት፤ ወደ ውጭ ያመለጠውን ተከታዮቹ ይመልሱታል። በር የሚሆነው ቦታ ላይ ማረሻውን ያነሳል፤ የታረሰው ቅዱስ ስለሆነ ማንም አይሻገረውም።

ለእኔ ዋናው ሥራ መሬቱን በእኩል ካሬ የሚከፋፍለው ቅየሳ ነው። መሣሪያው ግሮማ ይባላል፦ በዘንግ ላይ የተጋደመ መስቀል ሆኖ ከአራቱ ጫፍ ቱንቢ ይንጠለጠልበታል። ትይዩ ክሮቹ ተደርበው ሲታዩ መስመሩ ቀጥ አለ ማለት ነው። ነፋስ ከተነሳ ክሩ እየተወዛወዘ ያስቸግራል። እንደ ደሴ ባለ ዳገት ላይ ደግሞ መሬቱን ተከትሎ ከተለካ ርቀቱ ከአግድሙ ስለሚበልጥ ካሬው አይገጥምም። ስለዚህ ዘንጉን አግድም ይዘው፣ ከጫፉ ቱንቢ እያወረዱ፣ ደረጃ በደረጃ ይለኩ ነበር። የኮምቦልቻ ሜዳ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ባልኖረ!

የተለመደው ካሬ ጎኑ 2,400 የሮማ ጫማ (710 ሜትር ገደማ) ሲሆን 200 ዩጌራ (የሮማ የመሬት መለኪያ፤ ነጠላው ዩጌሩም) ይይዛል። አንዱ ዩጌሩም ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ ያህል ነው። ካርታው በነሐስ ተቀርጾ አንዱ ቅጂ ከተማው ውስጥ፣ ሌላው ሮም ይቀመጣል።

ድርሻው እንደ ስጋቱ ነው። በ329 ቅ.ል.ክ. ታራኪና የሰፈሩት 300 ሰዎች የደረሳቸው 2 ዩጌራ ብቻ ነበር፤ የጋራ ግጦሽ ካልታከለበት ቤተሰብ አይቀልብም። በ181 ቅ.ል.ክ. ግን ሰሜን ጠረፍ ላይ ባለችው አኲሌያ ለእግረኛ 50፣ ለመቶ አለቃ 100፣ ለፈረሰኛ 140 ተሰጠ። ያለዚያ ማን ይሄዳል?

ስጋቱም የወሬ አልነበረም። በ218 ቅ.ል.ክ. በሰሜን ኢጣሊያ ለተቆረቆሩት ፕላኬንቲያና ክሬሞና ለእያንዳንዳቸው 6,000 ሰፋሪ ተመድቦ ገና መሬት ሲታደል የአካባቢው የጎል ነገድ ቦኢዎች ተነሱ፤ ሰፋሪው ወደ ሙቲና ከተማ ሸሸ። በ190 ቅ.ል.ክ. ለሁለቱ ሌላ 6,000 ቤተሰብ መጨመር ግድ ሆነ። ጠላት ሳይነካቸው የፈረሱም አሉ። በ194 ቅ.ል.ክ. የተቆረቆሩት የባሕር ዳር ከተሞች ሲፖንቱምና ቡክሴንቱም ከስምንት ዓመት በኋላ ሰው አልባ ሆነው ተገኙ፤ ሴኔቱም አዲስ ሰፋሪ የሚመዘግቡ ሦስት ሹማምንት እንደገና አስመረጠ።